ከጎንደር ደባርቅ በመኪና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በራሳቸው ወይም በተከራዩት መኪና ከጎንደር ወደ ደባርቅ ደርሰው ለመመለስ ለሚያስቡ፣ ይልቁንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ አሽከርካሪዎች።

ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይጣደፉ ለሚነዳ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል። ኮሶዬ ላይ ወርደው ቁልቁል ቆላውን የሚያዩ፣ አምባጊዮርጊስ ላይ ሻይ የሚሉ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመድቡ። ከአዘዞ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የሚነሱ ደግሞ ጎንደርን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ስላለባቸው በባጃጅና በእግረኛ ለተጨናነቀው የከተማ መንገድ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

«መቶ ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ያየሁት ችግር አብዛኛው የሚጀምረው ከዚህች አነጋገር ነው። ረፋድ ላይ መነሳቱም፣ ስኮርታውን ሳያዩ መውጣቱም፣ ቁልቁለቱ ላይ መሮጡም የሚመጣው መንገዱን አጭር ብሎ ከመናቅ ነው።

መንገዱ አስፋልት ነው? በየትኞቹ ከተሞች ያልፋል?

እስከ ደባርቅ ድረስ አስፋልት ነው፤ አነስተኛ የቤት መኪናም ይወጣዋል። አስፋልት ነው ማለት ግን ሁሉም ቦታ ደልዳላ ነው ማለት አይደለም። ጎርፍ ጠርዙን የበላው ወይም መሐሉ የተቦረቦረ ቦታ ስለሚያጋጥም ዓይንዎን ከመንገዱ አያንሱ።

ከጎንደር ሲወጡ መጀመሪያ የምትገኘው በ6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ወለቃ ናት። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት መንደር ናት፤ ዛሬም የሸክላ ሥራ በመንገድ ዳር ይሸጥባታል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቀጥሎ የወገራዋ አምባጊዮርጊስ ትመጣለች፤ ከዚያም 75 ኪሎ ሜትር ላይ ዳባት፣ በመጨረሻም ደባርቅ። ከኮሶዬ በኋላ መሬቱ ገለጥ ይልና የወገራ የገብስና የባቄላ ማሳ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። አሽከርካሪ እግሩን የሚጫነው እዚህ ላይ ነው፤ ከብቱና መንገደኛው የሚበዛውም እዚሁ ነው።

መንገዱ ክፍት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ በፊት የሚጣራው ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት የክልሉ መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ትናንት የሄደ ሰው «ሰላም ነው» ማለቱ ለዛሬ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ማታና በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ ይጠይቁ። መናኸሪያ ሄደው የደባርቅ መስመር ሾፌሮችን ማነጋገር ከማንኛውም ወሬ ይበልጣል፤ እነሱ ከዳባትና ከደባርቅ ጓደኞቻቸው ጋር ሲደዋወሉ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ሚኒባሶቹ ካልወጡ እርስዎም አይውጡ። ደባርቅ ያለ ዘመድ ወይም ሆቴል ስልክ ቁጥር ይያዙ፤ የስልክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል የሚነሱበትንና ይደርሳሉ ተብሎ የሚጠበቅበትን ሰዓት ለቤተሰብ ነግረው ይሂዱ። ኬላ ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሰው ከሩቅ ይታዩ፣ የተጠየቁትን ይመልሱ፣ በኬላ አካባቢ ፎቶ አያንሱ።

ስንት ሰዓት ልነሳ?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ። ከዚያ በፊት ከሆነ ጨለማው አይለቅም፤ ክረምትም ከሆነ ጉሙ አይገፈፍም። ከዚያ ከዘገየ ደግሞ ደባርቅ ላይ የሚኖርዎት ጊዜ ያጥራል። የደርሶ መልስ ጉዞ ከሆነ ከደባርቅ የሚነሱበትን ሰዓት አስቀድመው ይወስኑ፤ የእኔ ቁርጥ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት የተነሳ ሰው ጎማ ቢፈነዳበት እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ይገባል።

ቅዳሜን ከመረጡ በሁለቱም አቅጣጫ ገበያተኛ ይበዛል። አህያው፣ በጉ፣ እንጨት የተሸከሙት እናቶች ሁሉ በአስፋልቱ ጠርዝ ነው የሚሄዱት። ጥር 10 እና 11 ደግሞ ለጥምቀት የከተማው ዋና ዋና መንገዶች በሕዝብ ስለሚሞሉ ከጎንደር መውጣትም ወደ ጎንደር መግባትም ያስቸግራል።

ነዳጅ ከየት ልቅዳ?

ከጎንደር፤ ያውም ለመሄጃ ብቻ ሳይሆን ለመመለሻም የሚሆን። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትጠጣ መኪና ለደርሶ መልሱ 20 ሊትር ያስፈልጋታል፤ ዳገቱና ያልታሰበው ታክሎበት 30 ሊትር ይያዙ። የማደያ ሰልፍ ስለሚያጋጥም ነዳጁ ከጉዞው ቀን በፊት ይቀዳ። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚንና ናፍጣ ውኃ ወይም ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ዳገት መሐል ሞተር እንዲያስቆምብዎ አይፈልጉም። ቤንዚን በጀሪካን አድርጎ ሰው ከተቀመጠበት ክፍል ማስቀመጥም አይገባም።

ምን ዓይነት ሰነድ ልያዝ?

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይያዙ። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ የባለቤቱን ውክልና ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ይጨምሩ። ተሳፋሪዎች በሙሉ መታወቂያ ይያዙ፤ መታወቂያ ከሌለው አንድ ሰው የተነሳ መላው ቤተሰብ ኬላ ላይ ሲቆም አይቻለሁ።

ከመነሳቴ በፊት መኪናው ላይ ምን ልፈትሽ?

ጎማና ፍሬን። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። የጎማውን ነፋስ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ያስለኩ። ስኮርታውን አውርደው በእጅዎ ይጫኑት፤ ከዓመት ዓመት ሳይታይ ነፋሱ ያለቀ ስኮርታ ብዙ ነው። ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መፍቻው የእርስዎን ብሎን የሚይዝ መሆኑን ይሞክሩ። ጎሚስታ በየከተሞቹ ቢኖርም በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ ግን እርስዎና ክሪክዎ ብቻ ናችሁ።

የፍሬን ዘይቱ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ይታይ። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ከሁለት ዓመት በላይ ካልተቀየረ ከዚህ ጉዞ በፊት ያስቀይሩት። የራዲያተር ውኃ፣ የሞተር ዘይት፣ የዝናብ መጥረጊያና የጉም መብራትም ይታዩ።

ዳገቱ ላይ መኪናዬ ጉልበት የሚያጣው ተበላሽቶ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 በላይ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደባርቅ ላይ ሲደርስ በባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ጉዳቱ ያነሰ ነው።

መፍትሔው ነዳጅ መርገጥ ሳይሆን ማርሽ መቀነስ ነው። በ4ኛ እያቃሰተች ከምትወጣ በ3ኛ ወይም በ2ኛ ዘና ብላ ትውጣ፤ ሞተሩም በዚያ መንገድ ያነሰ ይሞቃል። የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። መርፌው ወደ ቀዩ ከቀረበ ጥግ ይዘው ይቁሙና ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እንዳለ አይክፈቱ! በደባርቅ ከፍታ ውኃ ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ ያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የፈላው ውኃ ፊት ላይ ይወጣል።

በመልስ ጉዞ ቁልቁለቱን እንዴት ልንዳው?

በመሄጃው ዳገት መኪናው ነው የሚደክመው፤ በመልሱ ቁልቁለት ግን የሚፈተነው ፍሬኑ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዳገቱ ነው፤ እኔ ግን የምፈራው ከኮሶዬ ወደ ወለቃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ነው። ሰዓቱ አመሻሽ ነው፣ ሰውነት ዝሏል፣ ቤት ቀርቧል፣ ኩርባው ደግሞ ተከታታይ ነው።

ፍሬን የሚሠራው በፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ነው። እግርዎን ፍሬን ላይ አሳርፈው ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ያጣል። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርድና መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ይቀንሱ፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይጫኑና ይልቀቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ሞተሩ የሚሰጠውን መያዣ በገዛ እጅ መጣል ነው። ቁጠባውም የለም፤ በአሁኖቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረግጡ ሲወርዱ ነዳጁ ራሱ ይቋረጣል።

ይህን የማውቀው አክስቴን ከደባርቅ ይዤ ስመለስ ነው። ቀኑ እየመሸ ስለነበር ፈጠን ብዬ፣ በየኩርባው ፍሬን እየያዝኩ እወርድ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ልጄ፣ የተቃጠለ ጨርቅ አይሸትህም?» አለችኝ። ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ሊጥ ገባ አለልኝ። በ2ኛ ማርሽ አዘግሜ ሜዳ ቦታ ላይ ቆምኩ። ከፊት ጎማው ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር፤ ቸርኬው በክንድ ርቀት ፊትን ይለበልባል። አንድ እረኛ ልጅ ለማገዝ ብሎ በጀሪካን ውኃ ይዞ ሮጠ፤ እንዳያፈስበት ለመንኩት፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃልና። አርባ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ፔዳሉ ሲጠነክር ቀስ ብለን ገባን። በማግስቱ ሲፈታ ሸራው ብረት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከመነሳቴ በፊት ያየልኝ መካኒክ «ደህና ነው» ያለኝ ጎማውን ሳያወልቅ ነበር፤ እኔም እንዲያወልቀው አልጠየቅኩም። አሁን ጎማው ሳይወልቅ የተሰጠ የፍሬን ምስክርነት አልቀበልም፤ እርስዎም አይቀበሉ።

በክረምት መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ሐምሌና ነሐሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው የሚመከሩ ወራት አይደሉም። ወገራ ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትዎ ያለው መኪና ይሰወራል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ራስዎን ያሳውርዎታል። አጭሩን መብራት አብርተው የቀኝ ጠርዝዎን እየተከተሉ ያዝግሙ። ጨርሶ ካልታየዎ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ይቁሙ። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ መሬቱ ለምልሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ ያገኙታል።

ልጆችና አረጋውያን ይዤ ብሄድስ?

ብርዱን አቅልለው አይዩት። ጎንደር በሸሚዝ የነበረ ሰው ደባርቅ ላይ ጋቢ ይፈልጋል። የሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት ለፊት ያለውን መንገድ ማየት እንዲችሉ መሐል ላይ ይቀመጡ፣ ስልክ አይያዙ፣ ሆዳቸውም አይጨናነቅ፤ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ሁሉም ሰው፣ ከኋላ የተቀመጠውም ጭምር፣ የደህንነት ቀበቶ ይሰር። ሕፃንን ታቅፎ ከፊት ወንበር መቀመጥ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን የእናት ክንድ ልጁን መያዝ አይችልም።

ለማረፊያ ኮሶዬን እመርጣለሁ፤ እድል ከቀናዎ ጭላዳ ዝንጀሮም ያያሉ። ገደሉ አጠገብ ግን ልጆችን በእጅ ይያዙ። ምሳ በደባርቅ ይሻላል። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት አብዛኛው ምግብ ቤት የጾም ብቻ ስለሚያቀርብ ለልጆች ወተትና እንቁላል ከቤት ይያዙ።

በግ ወይም ላም ብገጭ ምን ላድርግ?

ይቁሙ። ሸሽቶ መሄድ ለባለንብረቱ በደል ነው፤ ቀጥሎ ለሚመጣው አሽከርካሪም ጠብ ትቶ ማለፍ ነው። መኪናውን ጥግ አስይዘው፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብርተው ይውረዱና ከሁሉ በፊት «ይቅርታ» ይበሉ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ባሉበት ስለ ዋጋው ይነጋገሩ፤ ካልተስማሙ ወደ ቅርቡ ፖሊስ አብረው ይሂዱ። የተስማሙበትን በጽሑፍ አስፍረው ምስክር ያስፈርሙ። ይህች በግ ለአንድ ቤት የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ልትሆን ትችላለች፤ ክርክርዎን ይህን እያሰቡ ያድርጉት።

ሰው ከተጎዳ ነገሩ ሌላ ነው። ተጎጂውን ማሳከምና ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ደባርቅም ጎንደርም ሆስፒታል አለ፤ የቀረበዎትን ይምረጡ። የሦስተኛ ወገን መድን የአስቸኳይ ሕክምናን ወጪ ስለሚሸፍን ሰነዱን ይዘው ይቅረቡ።

የኤሌክትሪክ መኪናዬ ደርሳ ትመለሳለች?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በርክቷል። መልሱ የሚወሰነው በባትሪው ነው። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከነሰዎቹ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ መሐል ላይ ያለው ውጣ ውረድ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ብርዱና የመኪናው ማሞቂያም የራሳቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ አምራቹ 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ያላት መኪና ሙሉ ተሞልታ ከወጣች በምቾት ትመለሳለች፤ 250 የተባለችውን ግን ይዘው አይውጡ። በመንገድ ላይ እሞላለሁ ብለውም አያቅዱ።

አንድ ትልቅ ጥቅም አላት፦ በመልሱ ቁልቁለት ሞተሯ ራሱ እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ፍሬኑም አይግልም። ደባርቅ ሲደርሱ የባትሪው መጠን ከ55 በመቶ በታች ከሆነ ግን ማሞቂያውን አጥፍተው፣ በዝግታ ይመለሱ።

ደባርቅ ከደረስኩ አይቀር ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ወይም ወደ ሊማሊሞ ልቀጥል?

ለፓርኩ ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ፣ የመግቢያ መክፈልና ስካውት (የፓርኩን አጃቢ ጠባቂ) ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው የጠጠር መንገድ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ለዝቅተኛ መኪና አይሆንም። ጠዋት 1 ሰዓት ከጎንደር የተነሳ ሰው ቡይት ራስ ድረስ ገብቶ ጭላዳዎቹን አይቶ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ከሆነ አዳር ያስፈልገዋል። ሊማሊሞ በጣሊያን ጊዜ ገደል እየተፈለፈለ የተሠራ ቁልቁለት ነው። እሱን ለማየት ከሆነ አፋፉ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ በአንድ ቀን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ጎንደር መመለስን አልመክርም።

ደባርቅ ላይ ዘገየሁ፤ ልንዳ ወይስ ልደር?

10 ሰዓት ካለፈ ይደሩ። የመጨረሻው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛው ቁልቁለት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው የሚደርስበት በጨለማ ነው። መብራት የሌለው ጋሪ፣ ተበላሽቶ ኩርባ ላይ የቆመና ድንጋይ ብቻ የተደረገበት አይሱዙ፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ መንገደኛ፣ ሁሉም የሚታዩት እላያቸው ላይ ሲደርሱ ነው።

ለዚህ ሲባል የአንድ ሌሊት የሆቴል ብር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም የአንድ ቀን ትርፍ፣ ከመጀመሪያው ተይዞ ይወጣል። ለቤት ይደውሉና «ደባርቅ አድረናል፣ ጠዋት እንመጣለን» ይበሉ። የእኔ አክስት ከዚያ ቀን ወዲህ ደባርቅ ስትሄድ ጋቢ ሁለት ነው የምትይዘው፤ አንዱ ለመንገዱ፣ አንዱ ለአዳሩ።